ከማርከሩ በፊት ብሎኩ፦ የሴል መባዛት ጠቋሚዎችና የአንጀት ካንሰር ታካሚዎቻችን

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለምትሠሪው ሥራ ትንሽ ንገሪን፤ ግን ለሁሉም የሚገባ ይሁን» ብሎኛል። ቀላል ትእዛዝ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀዶ ሐኪም አለ፣ የሕፃናት ሐኪም አለ፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ አለ፣ ሕክምናውን ትቶ ንግድ የገባም አለ። እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ታካሚውን ፊት ለፊት የማገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ናሙናውን ግን በየቀኑ አገኘዋለሁ።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ የካንሰር ሴሎች በምን ያህል መጠን እየተባዙ እንደሆነ ብንቆጥር፣ የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ ካንሰር የያዘው ሰው ምን ያህል እንደሚኖር ልንገምት እንችላለን ወይ? ጥያቄው የላቦራቶሪ ይመስላል እንጂ ገንዘብም አለበት። በተገናኘን ቁጥር «ለትምህርት ቤታችን ምን እንስጥ?» ይባላል፤ በተለይ ውጭ አገር ያሉ ጓደኞቻችን ደጋግመው የሚያነሡት የዘመናዊ ማርከር ምርመራን ነው። ሐሳቡ ከልብ የመነጨ ስለሆነ ከልብ ልመልስ። ማርከሩ ይምጣ። ከእሱ የሚቀድሙ ሦስት ርካሽ ነገሮች ግን አሉ፤ እነሱ ሳይሟሉ ማርከሩ የሚሰጠንን ቁጥር ልናምነው አንችልም።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ ልንገራችሁ። የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን ሥራ ፈቶ አያውቅም። ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ በአራት በአምስት ቀን ውስጥ ራሱን ይተካል። ክሪፕት የምንላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ ሴሎቹ ከጉድጓዱ ግርጌ ይባዛሉ፣ ወደ ላይ እየወጡ ይበስላሉ፣ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ይራገፋሉ። ካንሰር ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ታች ብቻ መባዛት የነበረበት ሴል ላይም መሃልም ይባዛል። ስለዚህ «ከመቶ ስንቱ ሴል በመባዛት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

ድሮ የምንቆጥረው በመከፈል ላይ ያለውን ሴል፣ ማይቶሲሱን ነበር። ማይቶሲስ ግን በሴሉ ዑደት ውስጥ አጭር ጊዜ ነው፤ ብዙ ያመልጠናል። እ.ኤ.አ. በ1983 በጀርመን ኪል ከተማ ዮሐንስ ጌርደስ፣ ሃራልድ ሽታይንና ባልደረቦቻቸው የሆጅኪን ሊምፎማ ሴልን የሚለይ አንቲቦዲ ሲፈልጉ ሌላ ነገር አገኙ፤ የሚባዛ ሴል ኒውክሊየስን ሁሉ የሚያቀልም፣ ያረፈውን ሴል ግን የማይነካ አንቲቦዲ። ኪ-67 አሉት፤ «ኪ» ከከተማዋ ስም፣ «67» ደግሞ አንቲቦዲው ከተገኘበት ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ተራ ቁጥር የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሠራው በበረዶ በተቆረጠ ናሙና ላይ ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሚብ-1 የተባለው አንቲቦዲ መጣና፣ ስላይዱን በሙቀት ካዘጋጁ በኋላ፣ በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን በተቀበረ ናሙና ላይም መጠቀም ተቻለ። ኪ-67 በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ፕሮቲኑ ራሱ በሴሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለብዙ ዓመታት ግልጽ አልነበረም፤ በ2016 የወጣ ጥናት እንደ ሳሙና ሆኖ፣ ሴሉ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ እንደሚያደርግ አሳየ።

ሌሎችም አሉ። ፒሲኤንኤ ዲኤንኤ ሲገለበጥ ኢንዛይሙን ከዲኤንኤው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት ነው። ችግሩ ሴሉ መባዛቱን ካቆመ በኋላም ቶሎ አይጠፋም፣ በዲኤንኤ ጥገና ላይም ይሳተፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ያጋንናል። ፎስፎ-ሂስቶን የሚባለው ደግሞ ማይቶሲስን ብቻ አጉልቶ ያሳያል። ከሁሉም በብዛት የምንጠቀመው ግን ኪ-67ን ነው። አቆጣጠሩ ለማንም ይገባል፤ ቡናማ የሆኑትን የዕጢ ኒውክሊየሶች ቆጥሮ፣ ለተቆጠሩት በጠቅላላ አካፍሎ፣ በመቶኛ ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንምጣ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ታካሚ ቶሎ ይሞታል ወይ? ሁላችንም «በፍጥነት የሚባዛ ካንሰር የከፋ ነው» ብለን እንጠብቃለን። እንደዚያ የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ደምሮ ወደዚያው ያዘነበለ ትንታኔም አለ። በሌላ በኩል ብዙ ታካሚ ይዘው «ኪ-67 ከፍ ያለባቸው የተሻለ ኖሩ» የሚሉ ጥናቶች አሉ። ምንም ልዩነት አላየንም ያሉም አሉ። ይኼ ግራ የሚያጋባው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ራሱ ባዮሎጂው ነው። የአንጀት ካንሰር ወደ ጎረቤት ሥጋ ዘልቆ የሚገባበትን ጠርዝ ስንመለከት፣ ከዋናው ዕጢ ተገንጥለው በአንድ በሁለት የሚሄዱ ሴሎች እናያለን። መጥፎ ምልክት ናቸው። ነገር ግን በኪ-67 ስናቀልማቸው አብዛኞቹ አይቀለሙም። የሚጓዝ ሴል ለጊዜው መባዛቱን ይተዋል። ገበሬ አርሶ ሲጨርስ ነው መንገድ የሚወጣው፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያደርግም። ታካሚውን የሚገድለው ደግሞ በብዛት ተጓዡ ነው።

ሁለተኛው፣ ሚስማች ሪፔር የሚባለው የዲኤንኤ ስሕተት ማረሚያ ሥርዓት የተበላሸባቸው የአንጀት ካንሰሮች አሉ። እነዚህ በፍጥነት ይባዛሉ፣ ኪ-67 ከፍ ይልባቸዋል፤ ግን የሰውነት መከላከያ ስለሚያውቃቸው፣ ሳይሰራጩ ከተገኙ ውጤታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ የቆጠረ ጥናት ውጤቱ ቢምታታ አይገርምም። ሦስተኛው፣ እንደ ፍሎሮዩራሲል ያለው መድኃኒት የሚመታው ዲኤንኤውን በመሥራት ላይ ያለውን ሴል ነው፤ ስለዚህ ኬሞቴራፒ ያገኘና ያላገኘ ታካሚ እኩል አይነበብም።

አራተኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል፤ አቆጣጠሩ። አንዱ ጥናት «ከፍተኛ» የሚለው ከ10 በመቶ በላይ ነው፣ ሌላው ከ50 በመቶ በላይ ነው። አንዱ የሚቆጥረው በጣም የቀለመውን ቦታ መርጦ ነው፣ ሌላው አማካይ ወስዶ። ኪ-67 ብዙ በተጠናበት በጡት ካንሰር እንኳ የዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ቡድን በመጨረሻ የደረሰበት መደምደሚያ፣ በመነሻ ደረጃ ላይ ላሉ ታካሚዎች በሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም 5 በመቶና ከዚያ በታች ወይም 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ልንተማመንበት እንችላለን የሚል ነው። መሃሉ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል።

ለዚህም ነው ለተለመደው የአንጀት አዴኖካርሲኖማ ኪ-67 የግድ ከሚጠየቁት ምርመራዎች ውስጥ ያልገባው። ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ከ3 በመቶ በታች፣ ከ3 እስከ 20፣ ከ20 በላይ እያልን ደረጃ የምናወጣው በእሱ ነው። ያው ቀለም፣ ያው አንጀት፣ ዕጢው ሲለያይ ጥቅሙ ይለያያል።

ለመሆኑ መቁጠር ለዚህ ሠፈር እንግዳ ነው እንዴ? ዘነበወርቅ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት እዚያ ተቋቋመ፤ በ1970 የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በዚያው ግቢ ተከፈተ። በሥጋ ደዌ ሕክምና ከቆዳ ላይ ናሙና ተወስዶ ሁለት ነገር ይቆጠር ነበር። አንዱ ባክቴሪያል ኢንዴክስ ነው፤ ባሲለሱ ምን ያህል እንደሚበዛ ከዜሮ እስከ ስድስት ፕላስ። ሌላው ሞርፎሎጂካል ኢንዴክስ ነው፤ ከመቶው ባሲለስ ስንቱ ሙሉ ሆኖ ቀልሟል፣ ማለትም ስንቱ ሕያው ነው ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው ከኪ-67 ጋር ወንድማማች ሐሳብ ነው፤ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱን መቁጠር። የሆነው ምንድን ነው? ሞርፎሎጂካል ኢንዴክሱ በናሙናው አወሳሰድ፣ በቀለሙ ጥራትና በአንባቢው ዓይን እየተለዋወጠ አስቸገረ፤ ከዕለት ተዕለት ሥራም ወጣ። ሻካራ የሚመስለው ባክቴሪያል ኢንዴክስ ግን ቆየ፤ ሁለት ሰው ቢያነበው ተቀራራቢ መልስ ስለሚሰጥ። ጎረቤታችን ያስተማረንን ትምህርት ለካንሰሩ እንደገና መማር ያለብን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ታካሚያችን እንሂድ። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በ2022 የዓለም ግምት 1.9 ሚሊዮን ገደማ አዲስ ታካሚና 900 ሺህ ገደማ ሞት ነበረው። በእኛም ከተማ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ፣ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ እሱ መሆኑን አሳይቷል። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ገና ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ልጅ በማሳደግ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። የሚመጡትም በአብዛኛው ደረጃ ሦስትና አራት ላይ ደርሰው ነው።

ለምን እንደሚዘገዩ እናንተም ታውቁታላችሁ። በሰገራ ላይ ደም ያየ ሰው መጀመሪያ ይደብቀዋል። ሲመጣ «ኪንታሮት ነው» ይባላል፣ ቅባት ይሰጠዋል። ተቅማጥ ካለበት «አሜባ ነው» ይባላል፣ እንክብል ይሰጠዋል። ሲደጋገም ደግሞ ሌላ እንክብል። አንድ ጣት ጓንት አጥልቆ ፊንጢጣውን የመረመረው ሰው ግን የለም። በአሜሪካ መዝገብ ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ የተገኘበት ሰው አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ 90 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ይህን የሚያህል ልዩነት የሚያሳይ የመባዛት ማርከር የለም። ዋናው ጠቋሚያችን አሁንም ደረጃው ነው።

ደረጃውን ደግሞ ማን ይነግረናል? ናሙናው። እዚህ ጋ ነው ችግራችን። አንድ ቀን ከአንድ ጤና ተቋም የተላከ የአንጀት ቁራጭ በሃይላንድ ተጠቅጥቆ መጣልን። እውነቴን ነው፣ በውሃ ፕላስቲክ። ሲገባ ለስላሳ ስለነበር በጠባቡ አፍ ገብቷል፤ ፎርማሊን ካጠነከረው በኋላ ግን አልወጣ አለ፣ ፕላስቲኩን በመቀስ ቀደድነው። ፎርማሊኑ ከጉሮሮው አያልፍም። አንጀቱ ሳይከፈት እንደተቋጠረ ነው። መቼ እንደወጣ አልተጻፈም። ከውጭ የነካው ደህና ተጠብቋል፤ መሃሉ፣ ዕጢው ያለበት፣ ሟሙቷል። የታካሚው ዕድሜ 42 ይላል ወረቀቱ።

ያን ናሙና በኪ-67 ባቀልመው ቁጥር አገኝ ነበር። ግን የምን ቁጥር? ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በመዘግየቱ ሴሉ ይበሰብሳል፣ የሚቆጠረው ማይቶሲስ ይጠፋል፣ ኪ-67ም ሊደበዝዝ ይችላል። ከዚያ «የዚህ ሰው ካንሰር ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው» ብዬ ልጽፍ ነው? እንዲህ ያለ ናሙና መቶ ቢሰበሰብና በምርጥ መሣሪያ ቢሠራ፣ ጥናቱ የሚለካው ካንሰሩን ሳይሆን የባልዲውን እጥረት ነው።

ስለዚህ ሦስቱ ርካሽ ነገሮች እነሆ።

የመጀመሪያው ባልዲ ነው። ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ለናሙናው አሥር እጥፍ የሚሆን ፎርማሊን የሚይዝ። ፎርማሊኑም አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተበጥብጦ፣ የፎስፌት ጨው ተጨምሮበት፣ አሲድነቱ የተስተካከለ። አንጀቱ በርዝመቱ ተከፍቶ ይግባ። ባልዲው ላይ ሁለት ሰዓት ይጻፍ፤ ከሰውነት የወጣበትና ፎርማሊን የገባበት። ከስድስት ሰዓት ያላነሰ፣ ከሦስት ቀን ያልበለጠ ጊዜ ከቆየ፣ ለአብዛኛው ማርከር ይሆናል። ቀዶ ሐኪም ጓደኞቼ፣ ይኼ የእናንተ እጅ ነው። ኦፕራሲዮኑ የሚያልቀው ቆዳው ሲሰፋ አይደለም፤ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሲገባ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ ሪፖርት ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛ የፓቶሎጂስቶች ዕዳ ነው። «አዴኖካርሲኖማ» ብሎ ፊርማ ማድረግ አይበቃም። ዕጢው እስከ የትኛው ሽፋን ዘለቀ? የተቆረጠበት ጠርዝ ነጻ ነው? የደም ሥር ውስጥ ገብቷል? ጠርዙ ላይ የተገነጠሉ ሴሎች አሉ? ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖድ ተፈልጎ ተቆጥሯል? አራት ብቻ አይተን «ሊምፍ ኖዱ ነጻ ነው» ካልን፣ ደረጃ ሦስት የሆነውን ሰው ደረጃ ሁለት ብለን ኬሞቴራፒ ልናስቀርበት እንችላለን። ስቡን በጣት እየዳሰሱ ኖድ መፈለግ አሰልቺ ነው፤ አንቲቦዲ ግን አይጠይቅም፣ ጊዜና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ወጣት ሬዚደንቶች፣ ስልችት ሲላችሁ ይቺን አስቡ።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ሳትስቁ ስሙኝ። በሕይወት የመቆየትን ጥናት የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ የጠፋ ታካሚ ነው። ካፕላንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጡት ዘዴ፣ ከክትትል የጠፋውን ሰው እስከመጨረሻ ቀጠሮው ድረስ ብቻ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀሩት ሰዎች ያላቸው ዕድል እሱም አለው ብሎ ይወስዳል። እኛ ጋ ግን የሚጠፋው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የባሰበት፣ ገንዘብ ያለቀበት፣ ወደ አገር ቤት ተወስዶ እዚያው ያረፈው ነው። እነሱ ሲጠፉ መስመራችን ከእውነቱ ያማረ ይሆናል። የሁለት ዘመዶችን ስልክ የምትመዘግብ፣ በየሦስት ወሩ የምትደውል አንዲት ነርስ ይህን ታቃናለች። አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ሀብት አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች ቀብርን መዝግቦ የሞትን መንስኤ የማጥናት ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። የካንሰር መዝገቡን፣ የቀብር መዝገቡንና የእኛን ብሎክ ማገናኘት፣ በምሥጢር አጠባበቅ ደንብ፣ ለዩኒቨርሲቲያችን የሚያስመካ ሥራ ይሆናል።

ወደ ማርከሩ ልመለስ፤ አልጠላሁትምና። ቀለም የምንገዛ ከሆነ ለአንጀት ካንሰር የመጀመሪያው ተራ የሚስማች ሪፔር አራቱ ፕሮቲኖች ይሁኑ። ኤምኤልኤች-1፣ ኤምኤስኤች-2፣ ኤምኤስኤች-6፣ ፒኤምኤስ-2። እነዚህ ሕክምና ይለውጣሉ፤ በደረጃ ሁለት ላይ ፍሎሮዩራሲል ብቻውን የማይጠቅመው ማን እንደሆነ ይጠቁማሉ፤ በዘር የሚተላለፈውን ሊንች ሲንድረምን እንድንጠረጥርም ያደርጉናል። ያኔ ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለወንድምና ለእህቱም እንደርሳለን። ኪ-67 ከዚያ ይከተላል፤ ለኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ በየዕለቱ፣ ለተቀረው በጥናት። በወጣትነታቸው የሚታመሙት የእኛ ታካሚዎች ካንሰር ከአውሮፓው ይለያል ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱ ያለው እኛው መደርደሪያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። በደንብ የተጠበቀ የፓራፊን ብሎክ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ዛሬ የምንገዛው አንቲቦዲ ጊዜው ያልፋል፣ መሣሪያውም ያረጃል። ከአሥር ዓመት በኋላ ዛሬ ስሙን የማናውቀው ማርከር ሲመጣ፣ የዛሬው ብሎክ ደህና ከሆነና ባለቤቱ ምን እንደደረሰበት ከተመዘገበ፣ መልሱን በአንድ ወር ማግኘት እንችላለን። ብሎኩ ከተበላሸ ግን ገንዘብ አይመልሰውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ውጭ ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ ከመሣሪያው በፊት ለሚልኩልን ሆስፒታሎች ባልዲና ፎርማሊን፣ ለክትትል አንዲት ነርስና የስልክ ካርድ። ቀዶ ሐኪሞች፣ ሁለት ሰዓት ጻፉልን። መምህሮቻችን፣ የናሙና አያያዝን በፈተና ውስጥ አስገቡት፤ ተማሪ የማይፈተንበትን እንደማያነብ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ጠቅላላ ሐኪሞች፣ «ኪንታሮት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጓንት አጥልቁ። ይኼን ካደረግን፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ስንገናኝ ስለ ኪ-67 የምነግራችሁ የሰው አገር ቁጥር ሳይሆን የራሳችን ይሆናል።

 ጥያቄ ካለ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ እንነጋገር።